ለዱባው ሲባል የተተወ አረም

የሥራ ሕይወቴ የተጀመረው በማሽላ ዘር ከረጢት ላይ ተቀምጬ ነው። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ያፈናቀላቸው የወሎ ሰዎች አሶሳ ዙሪያ ከሠፈሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የጫነን መኪና ከባምባሲ ወዲህ ደጋግሞ ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። በተቀበረ ቁጥር ወርደን ገፋን። ሠፈራ ጣቢያው ስደርስ ቀሚሴ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ለማወቅ አይቻልም ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የቸኮለ የሚመስል፣ ግን የትም የማይሄድ ሰው ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛዋ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ። ጫልቱ እባላለሁ፤ የጊምቢ ልጅ ነኝ።»

«ለጥልፍ የሚሆን ነገር ይዘሻል?»

«መርፌና ክር ይዣለሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ። «ሴቶቹ ጨርቅ የላቸውም።»

የቤት ኢኮኖሚክስ ሠራተኛ ምን እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። በወረቀት ላይ ሥራችን የሕፃናት ምግብ፣ የምድጃ ማሻሻያ፣ የጓሮ አትክልትና የእጅ ሥራ ነበር። በተግባር አለቆቻችን ሁሉ የሚያውቁት ጥልፉን ብቻ ነው። ከላይ የአውራጃው የሠፈራ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከእሱ ሥር የጣቢያ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የመንደር ሊቀመንበር፣ ከዚያ የሥራ ጓድ መሪዎች። ትራክተሩ በዚህ ተዋረድ ውስጥ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ከሁላችንም በላይ ይከበር ነበር።

መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ በቁጥር ነበር የሚጠሩት። ቤቶቹ የሽመል ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው፣ በገመድ ተለክተው የተሰለፉ ናቸው። ሽመል የምንለው የቆላውን ቀርከሃ ነው። በቤቶቹ መካከል አንድም ዛፍ አልነበረም። ቡልዶዘሩ ጠራርጎ ነው የሄደው።

«የማስተምራቸው የት ጥላ ሥር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጥላ በሦስት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ተይዟል» አለ ጓድ ዘለቀ። እስከዚያው የመጋዘኑን ጣሪያ ጠርዝ ሰጠኝ።

የሴቶቹ የጋራ አትክልት ቦታ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር። በማግሥቱ ልጎበኘው ስሄድ አንዲት ሴት ቢጫ አበባ በሙዳይ ሞልታ ስትወጣ አገኘኋት። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ነጠላዋን ከወገቧ አጥብቃ አሥራለች። ዘነቡ ትባላለች፤ ከወሎ የመጣች ናት፤ ባሏ መንደሩ በገቡ በጥቂት ወር ውስጥ በወባ ሞቶባታል።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የምትለቅሚው?» አልኳት።

«ሥራ ፈት ነው።»

«ማን?»

«አበባው ነዋ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ጓድ ዘለቀ አንድ ቀን የዱባውን ማሳ ሲጎበኝ ከአበባዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው ትንሽ ድቡልቡል ነገር ይዘው፣ ሌሎቹ ግን በቀጭን ዘንግ ላይ ባዷቸውን ቆመው አየ። ባዶዎቹ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። በቀጣዩ ስብሰባ ላይ የማያፈሩት አበቦች የሚያፈሩትን ጉልበት እየመጠጡ ነው ተባለና እንዲለቀሙ ተወሰነ። አንድ ሙዳይ ለለቀመ ራሽን የሚሰጥበት የሥራ ነጥብ ይያዝለታል።

«አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ዱባ ስትዘሪ አልኖርሽም እንዴ?» አልኳት። «አገርሽ ትለቅሚው ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ። አገሬ ለአበባ ነጥብ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። እዚህ ነጥብ ዘይት ነው፣ ልጄ።»

«እትዬ ዘነቡ፣ እነዚህ ወንዶቹ ናቸው። ወንዶቹ ከሌሉ ሴቶቹ አይዙም።»

ሙዳዩን ቁልቁል አየችው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲህ ማሳውን በሙሉ እንደኔ መበለት አድርገነዋል» አለች። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም።

ጓድ ዘለቀን ቢሮው ሄጄ አነጋገርኩት።

«ዱባ ወንድና ሴት አበባ አለው፣ ጓድ። ወንዱ አያፈራም፤ ሴቷም ያለ እሱ አታፈራም።»

«ይህ በስብሰባው ላይ አልተነሣም።»

«እኔ ገና አልመጣሁም ነበር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አሰበ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሲገባው ይገባዋል።

«እንግዲያውስ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

«ይቀጥሉ» አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ የአበቦቹ ጉዳይ እንደገና ታይቶ ሥራ ላይ መሆናቸው እንደተረጋገጠ ለሕዝቡ ተነገረ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር። ወንዶቹ አበባዎች ሞልተው ቆሙ፤ ሴቶቹም ፈኩ፤ ድቡልቡሎቹ ግን አሁንም ቢጫ እየሆኑ ረገፉ። ከመንደሩ ሴቶች አንዳንዶቹ አፈሩን ጠረጠሩ። ሌሎቹ ዓይነ ጥላ ነው አሉ። እኔ ማለዳ ማለዳ ማሳው ጫፍ ላይ እየተቀመጥኩ አበባዎቹን እጠብቅ ጀመር። ጉንዳን መጣ። ዝንብ መጣ። ንብ ግን ዝር አላለም።

ከዚያ በእጅ ሞከርን። ወንዱን አበባ ቀንጥሼ፣ ቅጠሉን ልጬ፣ ዱቄቱን ሴቷ ላይ አሸት አሸት አደረግሁት። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ያረቢ» አለች ዘነቡ። «ዱባም ሽማግሌ ተላከለት።»

ዘዴው ይሠራል፤ ሰዓቱ ግን አይሠራም። የዱባ አበባ ጎሕ ሲቀድ ይፈካና ረፋዱ ላይ ይጨማደዳል። በዚያው ጎሕ ሲቀድ የመኪና ቸርኬ ይደወልና ሰው ሁሉ ለቁጥር ይሰለፋል፤ ከሰልፉ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ እርሻ ነው። ሴቶቹ ከሰልፉ እንዲቀሩልኝ ጠየቅሁ።

«ምን ሊያደርጉ?» አለ ጓድ ዘለቀ።

«አበባ ሊድሩ።»

«ይህን በሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?»

እኔም ምን ብሎ እንደሚጻፍ አላወቅሁም፤ ስለዚህ ቀረ። ብቻዬን የደረስኩባቸው ጥቂት አበቦች ያዙ። እነሱንም ሳይጎመሩ ሰው ቀቅሎ በላቸው። ልጁ የራበው ሰው ፊት ቆሜ ለዘር ይቆይ ብዬ ለመከራከር አፍ አልነበረኝም።

የአብዮት በዓል ካለፈ በኋላ ጓድ ዘለቀ ማሳው ላይ ቆሞ ፍርዱን ሰጠ። «አንድ ክረምት እታገሣለሁ። በመጪው በዓል ዱባው ይዞ ካላገኘሁት ቦታውን ትራክተር ይገለብጠዋል፤ የማኅበሩ በቆሎ ይዘራበታል።»

ሲሄድ ዘነቡ አጠገቤ ቆማ ቀረች። ያ ቦታ በመንደሩ ውስጥ ሴቶቹ ያለ ጓድ መሪ የሚሠሩበት ብቸኛው መሬት ነበር። ዘሩ ደግሞ የእሷ ነው።

«ከአገሬ ይዤ የወጣሁት ባሌንና ይህን ዘር ነው» አለችኝ። «ባሌን ቀበርኩት። ዘሩ ለአንድ ክረምት የሚሆን ጭብጥ ቀርቷል። እሱ ከጠፋ የእናቴ ዱባ በእኔ እጅ አለቀ ማለት ነው።»

አልቅሳ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

በበጋው አያ ሐሚድን ተዋወቅሁ። የበርታ ሽማግሌ ነው። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ባሚያና ማር እያመጣ በመንደሩ ዳር ከሠፋሪዎቹ ጋር በጨውና በሳሙና ይለዋወጣል። «አያ» ያለችው ዘነቡ ናት፤ ከዚያ ሁላችንም ተከተልናት። ቡልዶዘሩ የጠረገው ጫካ የአባቱ ቀፎዎች የተሰቀሉበት ነበር። ይህን የነገረኝ ስጠይቀው ብቻ ነው፤ የነገረኝም ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ ነው።

ቀፎ እንዲሰጠን ለመንኩት።

«ኡስታዛ» አለኝ፤ መምህርት ማለቱ ነው፤ በአማርኛው ግን ሴትንም ወንድንም «አንተ» ይላል። «ቀፎ አለ። ንብ አይቀመጥም።»

«ለምን አይቀመጥም?»

«ምን ይበላል? ዛፍ የለም፣ አበባ የለም። አንተ ቤት ብቻ ሰጠህ። ቤት ይበላል?»

በዚያ ሰሞን መንደሩ ራሱ እየሳሳ ነበር። ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ከፊሉ በሱዳን በኩል ከፊሉ ወደ አገሩ፣ በእግሩ ይጠፋል። የጠዋቱ ሰልፍ በየሳምንቱ ያጥራል።

«ታዲያ ምን እንትከል?» አልኩት።

እኔንና ዘነቡን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። መጀመሪያ ግራዋን አሳየን፤ እኛ ወለጋዎች ኢቢቻ የምንለውን። በበጋ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ያብባል። ቀጥሎ ሰንሰልን አሳየን፤ ቆርጦ መሬት ላይ ለተከለው አጥር ይሆናል። በመጨረሻ ከመንገድ ዳር አንድ የደረቀ አገዳ ነቅሎ አነሣ።

«ይሄ። ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ቢጫ። ንብ በጣም ይወዳል።»

ዘነቡ አገዳውን ተቀብላ አሽታ ፊቷን አጠቆረች። «መጭ ነው እኮ! አረም ነው። አባቴ ጤፉ ውስጥ መጭ ያየ ዕለት ማንንም አያናግርም ነበር።»

«አባትህ ንብ የለውም» አላት አያ ሐሚድ።

«ነበረው እንጂ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር ቀፎው።»

«መጭ ነቅሎ ንብ ይፈልጋል?»

ዘነቡ አገዳውን አልጣለችውም። አያ ሐሚድ ግን ተስፋ ሊሰጠን የመጣ ሰው አልነበረም። «ተክሉ ጥሩ ነው። ግን ዘንድሮ ንብ አይመጣም። ወላሂ አይመጣም። ንብ ሩቅ ሄደ።»

ሰኔ ሲገባ ግራዋውንና ሰንሰሉን እየቆረጥን በአትክልት ቦታው ዙሪያ ተከልናቸው። በአጥሩና በዱባው መካከል ያለውን ዳር ግን ሳንቆፍር ተውነው። መጩ ራሱ በቀለ። በሥራ ዘመኔ ከባዱ ትምህርት ይህ ነበር፤ ምድጃ ማስተማር ከዚህ ይቀላል። የወሎ ገበሬ አረም ሲያይ እጁ ሳያዘው ይሄዳል። ዘነቡ በዳሩ ስታልፍ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ነበር የምትራመደው። አንዳንዶቹ ሴቶች እኔ ዞር ስል አንድ ሁለት እግር ይነቅሉና መልሰው ይተክላሉ። የሚያልፉት ወንዶች ዳሩን «የጫልቱ ጥልፍ» ብለው አወጡለት። ባለ ሥልጣን ያልሆነ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

የመጨረሻዋን ዘር ዘነቡ ራሷ ዘራች። ማንም እንዲያግዛት አልፈቀደችም። አፈር ስትመልስበት በመዳፏ ሳይሆን በጣቶቿ ጫፍ ነበር።

ነሐሴ ላይ መመሪያ መጣ። ለበዓሉ ከክፍለ ሀገር እንግዳ ይመጣል፤ መንደሩ ይጸዳ። ጓድ ዘለቀ እያንዳንዱን ጥግ እየዞረ አየና የእኛ ዳር ላይ ቆመ። መጩ ከጉልበት በላይ ሆኗል፤ እምቡጥ እንጂ አበባ የለውም።

«ከበዓሉ በፊት በዚህ መንደር አንድ አረም እንዳላይ።»

«ጓድ ዘለቀ፣ ይህ የንብ ቀለብ ነው» አልኩ።

«ንቡ የታለ?»

«ገና አልመጣም።»

«ላልመጣ ቀለብ አንሰፍርም።»

ይህን ጊዜ ዘነቡ ከኋላዬ ተናገረች።

«ጓድ፣ እሱ አረም አይደለም። ለእንግዶቹ ያሳደግነው አበባ ነው።»

ዞሬ አየኋት። ፊቷ ገና ክፉና ደጉን ያልለየ ሕፃን ፊት ነበር።

«አበባ?» አለ ጓድ ዘለቀ።

«ለበዓሉ ይፈነዳል። ቢጫ ነው፤ ሲያምር አይጣል ነው።»

ወደ አረሙ ጎንበስ ብሎ አንድ እምቡጥ በጣቱ ነካ። «እንደዚህ ዓይነት ተነሳሽነት ነው የሚያስፈልገን» ብሎ ሄደ። ዋሸሽ ብላት ዘነቡ ተቆጣችኝ። አይፈነዳም ወይ፣ ቢጫስ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም መካድ አልቻልኩም።

ጳጉሜ ላይ መጩ ፈነዳ፤ ዱባው ግን ያብባል እንጂ ገና አልያዘም ነበር። በዚያው ሰሞን መጋዘኑ ሥር ስለ ምድጃ ሳስተምር ዘነቡ መጣችና ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ዳሩ ጋ ስንደርስ በጣቷ አመለከተች። ትንንሽ፣ ጠቆር ያሉ ንቦች ከመጭ ወደ መጭ እየዘለሉ ነው። ብዙ አይደሉም። ሁለታችንም ድምፃችንን ከፍ ብናደርግ የሚሄዱ መስሎን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ነፍሳት አይቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታው አልቆየም። በበዓሉ ዋዜማ የወጣት ማኅበሩ አባላት ማጭድ ይዘው መጡ። ለእንግዶቹ የተዘጋጀው አበባ ለመድረኩ ማስጌጫ ይፈለጋል ተባለ። ትእዛዝ ነው። ዳሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጨዱት፤ ጉቶ ጉቶው ብቻ ቀረ። ዘነቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በአፌ ነው ያሳጨድኩት» አለች። «ነገ ትራክተሩ ይመጣል። ዝም ብል ኖሮ ያው ነበር፤ ግን በአፌ ነው ያሳጨድኩት።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በበዓሉ ቀን መድረኩ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ሆኖ ዋለ። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶቹ ብርዝ ቀርቧል። የክፍለ ሀገሩ እንግዳ ወፍራም፣ ባለ መነጽር ሰው ነበር፤ ስለ ምርት ማሳደግ ይናገራል። ንግግሩ መሐል ሲደርስ ንቦቹ መጡ። በልማዳቸው ዳሩ ላይ ያጡትን አበባ ፍለጋ ነው። መድረኩን ከበው አበባው ላይ ሠሩ፤ ከዚያ የብርዙን ብርጭቆ አገኙ። እንግዳው ንግግሩን አቋረጠ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ጓድ ዘለቀ ተነሣ። በሥራ ዘመኑ ለቀረበለት ጥያቄ መልስ የለኝም ብሎ አያውቅም።

«የመንደሩ የንብ ርባታ ነው፣ ጓድ።»

ጭብጨባ ሆነ። እንግዳው ፊቱ ፈታ አለ።

«ቀፎዎቹ የት ናቸው?»

«ከሴቶች የአትክልት ቦታ አጠገብ። ለደኅንነት ሲባል ዛሬ አይጎበኙም።»

«መልካም። በሚቀጥለው ጊዜ ማሩን ሳልቀምስ አልሄድም» አለና ንግግሩን ካቆመበት ቀጠለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ዘነቡ ተናጋሪውን አልሰማችም፤ ዓይኗ አንዲት ንብ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ትራክተሩ አልመጣም። የመጣው ጓድ ዘለቀ ራሱ ነው፤ ብቻውን፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

«ጓድ ጫልቱ፣ የንብ ርባታ እንዴት ነው የሚጀመረው?»

«ጀምረናል ብለዋል እኮ።»

«ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ።»

ወንዙን ተሻግረን ወደ አያ ሐሚድ ቤት ሄድን። ደጁ ላይ የሽመል ቀፎ እየጎነጎነ አገኘነው። ጓድ ዘለቀ ስለ ጉዳዩ አስፈላጊነት ረዘም አድርጎ ተናገረ። አያ ሐሚድ ጉንጎናውን ሳያቋርጥ ሰማው።

«ወንዝ ዳር ዋንዛ አለ» አለ በመጨረሻ። «ቀይ ቀለም ቀባህበት። ትጥለው ነው።»

«በምንጣሮ ዕቅድ ውስጥ አለ» አለ ጓድ ዘለቀ።

«ዛፉን አትንካ። ዳሩን አትንካ። እኔን አትንካ። ቀፎ እሰጥ። ማር እንካፈል።»

ጓድ ዘለቀ ዕቅድ ለማሻሻል ሥልጣን እንደሌለው፣ ለመርሳት ግን ሥልጣን እንዳለው ገለጸ። በዚህ ተስማሙ። ዋንዛው ቀይ ቀለሙን እንደያዘ እዚያው ቀረ።

አያ ሐሚድ በማግሥቱ ማለዳ ማሳውን ሊያይ መጣ። ከቸርኬው ደወል በፊት ነው፤ የዱባው አበባ እንደፈካ። በየአበባው ውስጥ ንብ አለ፤ ዱቄቱን ተለውሶ ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ይገባል። መጩ ስለታጨደ ያላቸው ምግብ ይኸው ነበር። ይህን አስቀድሜ አስቤበት ነው አልልም፤ አልታሰበበትም። ሽማግሌው ቁጢጥ ብሎ አየ።

«ዘንድሮ አይመጣም ብዬ ነበር» አለ።

«ብለው ነበር፣ አያ ሐሚድ።»

«ወላሂ ተሳሳትኩ። ራበው። ራብ አረም ድረስ አመጣው።»

ዘነቡ ራሷን ነቀነቀች። «እኛንም እዚህ ያመጣን እሱው ነው» አለች።

ከሳምንት በኋላ ትልልቁን ቅጠል ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጡጫ የሚያህል ፍሬ ነው፤ ቢጫ አልሆነም፣ ዘንጉ ጠንክሯል። «ያዘ» አለች። ቅጠል ገለጠች፤ «ያዘ»። ሌላ ገለጠች። ለእያንዳንዱ ፍሬ መሬቱ እንዳያበሰብሰው ደረቅ ሣር አነጠፈችለት። ሴቶቹ ተሰብስበው ትንንሾቹ በየተራ ለየቤቱ እንዲበሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ትልልቆች ግን ልጣጫቸው እስኪጠነክር ማንም እንዳይነካቸው ተስማሙ። ነጥብም ጓድ መሪም አላስፈለገም። የታጨደው መጭም ከጎኑ አቆጥቁጦ እንደገና አበበ፤ ቀፎው ደግሞ ዋንዛው ላይ ተሰቀለ። ጓድ ዘለቀ ረፋድ ረፋድ ብቅ እያለ ንቦቹን ያይና «ሥራ ላይ ናቸው» ብሎ ይሄዳል። እንግዳው ማሩን ሊቀምስ አልተመለሰም፤ ሌላ ሹመት አግኝቶ ሄደ ሲባል ሰማን።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ዱባ ተቆረጠ። ሴቶቹ ሁሉ ነበሩ፤ አያ ሐሚድም መጥቷል። ዘነቡ በማጭድ ለሁለት ሰነጠቀችው፣ እጇን ሰደደችና ዘሩን ዘረገፈችው። አንዱን አንሥታ በጥፍሯ ተጭና አየችው። ሙሉ ነው። ያን ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም። ስትጨርስ ዓይኗን ጠርጋ ዘሩን ለሴቶቹ ሁሉ አካፈለች፤ ለአያ ሐሚድም ሰጠችው።

ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ አንድ የቆዳ ስልቻ ይዛ ወጣች። በሶ ነበር፤ ለረጅም መንገድ የተዘጋጀ፣ አፉ በጠፍር የታሰረ።

«ይህ ምንድን ነው፣ እትዬ ዘነቡ?» አልኳት።

«ስንቄ ነው። ከክረምት ጀምሮ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ዱባው ባይዝ ኖሮ ከትራክተሩ በፊት ልወጣ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺም።»

ጠፍሩን ፈታችው። በሶውን በትልቅ ገበቴ ገልብጣ በውሃ በጠበጠችውና ዱባው እስኪበስል ለሚጠብቁት ልጆች አደለችው። ልጆቹ ስንቅ መሆኑን አላወቁም። ጠጥተው ጨረሱት።

ከዚያ በኋላ መንጌ ወረዳም ቡለን ወረዳም ሠርቻለሁ። አዲስ ቦታ ስመደብ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደሚተከል አይደለም፤ ምን እንደማይቆረጥ ነው። ለአሁኖቹ የልማት ሠራተኞች ያለኝ ምክር ይኸው ነው፤ ለሰው ቤት ስትሠሩም ሆነ ለንብ ቀፎ ስትሰቅሉ ዳሩን ሳትመነጥሩ ተዉት።